የእንደራሴው እህት

ዲንቄ ወንድሟን በዳዳን ያሳደገችው ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠል እየጠረገች፣ ሾላ ገበያ አውርዳ እየሸጠች ነው። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና የወተት ጥርሱን አልነቀለም ነበር። አድጎ ቀበና ወንዝ አጠገብ ካለ ጣውላ መሰንጠቂያ ተቀጠረ። እዚያ ከበበ የሚባል ጓደኛውን መጋዝ ጣቶቹን ቆረጠውና ያለ ካሣ ሊያሰናብቱት ሲሉ፣ በዳዳ ሠራተኛውን አሳምኖ ሥራ አስቆመ። ለዚህም ታሰረ። ዲንቄ በቅጠሉ ገንዘብ ስንቅ እየቋጠረች እስር ቤት ደጃፍ ተመላለሰች። በኋላ በዳዳ ተፈታ፤ ከበበም ካሣውን አገኘ። የሠራተኛ ማኅበር የሚፈቅደው አዋጅ በሃምሳ አምስት ሲወጣ ደግሞ ሠራተኞቹ በአንድ ድምፅ በዳዳን ሊቀመንበር አደረጉት።

በሃምሳ ሰባቱ ምርጫ የሕዝብ እንደራሴ ሆኖ ምክር ቤት ገባ። የሾላ ቅጠል ሻጮች እልል አሉለት። ዲንቄ ከደስታዋ የተነሣ አለቀሰች።

ውሎ አድሮ እንጦጦ ላይ ሰፊ የባሕር ዛፍ ደን ተሰጠው። ደኑ የወንድሟ መሆኑን ዲንቄ ያወቀችው ግን በዱላ ነው።

አንድ ጠዋት ከጎረቤቷ ከለተጊዮርጊስ ጋር ቅጠል ሲጠርጉ ሁለት ዘበኞች ደረሱባቸው። ሸክማቸውን በተኑት፤ ገመዳቸውን ቆራረጡት። ለተጊዮርጊስ «ወድቆ የሚበሰብስ ቅጠል ለእናንተ ምን ያደርግላችኋል?» ብትል አንደኛው አፏን በዱላ መታት። የፊት ጥርሶቿ ረገፉ። ጩኸቱን ሰምቶ የዘበኞቹ አለቃ መጣ። ከበበ ነበር። ዲንቄን ሲያይ አንገቱን ደፋ።

«ደኑ የማን ነው?» አለችው።

«የክቡር እንደራሴው።»

«የማን?»

«የበዳዳ ነው፣ እትዬ። እኔም እንጀራዬ ሆኖብኝ ነው።»

ዲንቄ በቀጥታ ወደ ወንድሟ ቤት ወረደች። በዳዳ ከእንግዶች ጋር ማዕድ ላይ ነበር። ሲያያት ፊቱ በራ። «ይቺ ናት እህቴ» አለ ለእንግዶቹ። «በቅጠል ያሳደገችኝ። የድሃ ልጅ ነኝ ስላችሁ ቀልድ አይደለም።»

እሷ በእናታቸው ቋንቋ፣ በኦሮምኛ፣ የሆነውን ሁሉ ነገረችው። እሱ በአማርኛ መለሰላት።

«ስሜን ብትጠሪ ኖሮ ማንም አይነካሽም ነበር።»

«ለተጊዮርጊስስ የማንን ስም ትጥራ?»

«ለሷ መድኃኒት ይላክላታል። አሁን ተቀመጪ፣ ብዪ።»

ከጥብሱ ጠቅልሎ እጁን ወደ አፏ ዘረጋ። ጣቶቹ በቅባት ወዝተዋል። እንግዶቹ ፈገግ ብለው ያዩዋታልና አፏን ከፈተች። ጉርሻው ግን አልወርድ አላት። ውጭ ወጥታ አጥሩ ሥር ተፋችው፤ አስመለሳትም።

በዳዳ ተከትሏት ወጣ። የተፋችውን ተሻግሮ ቆመ። «ምርጫው እየደረሰ ነው» አላት። «ቅዳሜ ሾላ ላይ እናገራለሁ። አጠገቤ ቁሚልኝ። እንዴት እንዳሳደግሽኝ ሁለት ቃል ብትናገሪ ይበቃኛል።»

«እሺ» አለች ዲንቄ።

ቅዳሜ በዳዳ ጭነት መኪና ላይ ቆሞ ስለ ሠራተኛው ላብ፣ ስለ ድሃው እንባ ተናገረ። ከዚያ እህቱን ጠራ። ዲንቄ ለተጊዮርጊስን በእጇ ይዛ ወጣች።

«በዳዳን ያሳደገው ቅጠል ነው» አለች። «ዛሬ ያንኑ ቅጠል የሚጠርጉትን ያስደበድባል። ለተጊዮርጊስ፣ አፍሽን ክፈቺላቸው።»

ለተጊዮርጊስ አፏን ከፈተች። ከፊት የቆሙት ሴቶች እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ዲንቄ አበቃለት ብላ አሰበች።

በዳዳ ግን አለቀሰ። ከለተጊዮርጊስ እግር ላይ ወደቀ። «አላወቅሁም» አለ። «የደኑን ዘበኞች አለቃ ዛሬውኑ አባርራለሁ። እታለም ባትኖር ይህን ማን ይነግረኝ ነበር?» ሴቶቹ እልል አሉ። ለተጊዮርጊስ ራሷ፣ ከንፈሯ እንዳበጠ፣ እንባዋን ጠረገች። በዳዳ ተነሥቶ ዲንቄን አቀፋት። የሽቶው ሽታ አፍንጫዋን ሞላው። ጆሮዋ ሥር በኦሮምኛ፣ «ጎበዝ፤ ንግግርሽ እኔ ካሰብኩትም በለጠ» አላት።

በዳዳ ምርጫውን አሸነፈ። ከበበ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ካሣ ተባረረ። በቦታው የተሾመው ለተጊዮርጊስን የመታት ዘበኛ ነው። ሁለቱ ሴቶች ወደ ደኑ ሲመለሱ ለዲንቄ ከወገቡ ጎንበስ አለ። «እርስዎ ይግቡ፣ ታዘናል። እሷ ግን አትችልም።»

ዲንቄ የለተጊዮርጊስን ክንድ ይዛ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ከደኑ ማዶ ወዳለው ሩቅ ኮረብታ መሄድ ጀመሩ። ዲንቄ የበዳዳን ቤት ዳግመኛ አልረገጠችም።

አንድ ቀን ከነሸክሟ ስትወርድ ከበበን ቀበና ድልድይ ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«እኔ ነኝ የመታኋት?» አላት።

«አይደለህም።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ሲያቅፍሽ ምነው ዝም አልሽ?»

ዲንቄ ሸክሟን ድልድዩ ላይ አሳረፈች። «አቅለሸለሸኝ» አለችው። «አፌን ብከፍት የሚወጣው ቃል አልነበረም።»