ለሰሊጥ የሚሆን ሰው

የሰው ልጅ ምን ያህል ጉደኛ እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ካለ ቺንቺላ ያርባና ይሽጥ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ታይናን ከተማ ውስጥ አውቶቡስ ነድቻለሁ። ሰካራም ጭኛለሁ፤ ነገረኛ ጭኛለሁ፤ ዓሣ በባልዲ ይዞ ገብቶ መሀል መንገድ ላይ የሚደፋ ጭኛለሁ። ያ ሁሉ ተሰብስቦ አንድ ቺንቺላ ገዢን አያህልም።

ጡረታ ስወጣ ነው እኔና ባለቤቴ ሜይፌን የኋለኛዋን ክፍል ለእነሱ የለቀቅንላቸው። ሲበዙ አሥራ አራት ቢደርሱ ነው። ጥንቸል ናት እንዳትሉ ረጅም ጅራት አላት፤ አይጥ ናት እንዳትሉ ጸጉሯ ከጥጥ ይለሰልሳል። የብርድ አገር ተራራ ፍጥረት ናት። ያን ሁሉ ካፖርት ደርባ ማላብ የሚባል ነገር አታውቅም፤ ሙቀት ድፍት ያደርጋታል። ስለዚህ የእነሱ ክፍል ኤሲ ሌት ተቀን አይጠፋም። እኔና ሜይፌን ሳሎን በማራገቢያ እየተለበለብን እነሱ በብርድ ይንደላቀቁ ነበር።

ይህን ለገዢ ብትነግረው በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው ያፈሰዋል። አንዱ ከሶፋው ቀለም ጋር የምትሄድ እንዳለችኝ ጠየቀኝ። አንዷ በገዛች በሦስተኛው ቀን ሸተተችኝ ብላ በሻምፑ አጠበቻት። ቺንቺላ ውሃ አይነካትም፤ አመድ በመሰለ ደቃቅ ዱቄት ላይ ተንከባላ ነው የምትታጠበው፤ ይህን ጽፌ ሰጥቻት ነበር። ሌላው ሁለት ወር ያዝልኝ ብሎ አስይዞኝ መሬት ዋጠችው። ሰባት ቤተሰቡን አስከትሎ ቤቴ የመጣ ደግሞ ነበር፤ እንስሳዋን እንደ ኳስ ሲቀባበሏት ከድንጋጤ የተነሣ ጸጉሯ በእፍኝ በእፍኝ እየተነቀለ ወለሉ ላይ ቀረ። ከዚያ "እናስብበት" ብለው ሻዬን ጠጥተው ሄዱ። ቆሽቴ አረረ።

ከዚያ ወዲህ ሕግ አወጣሁ። አንደኛ፣ ቤቴ ማንም አይመጣም፤ ርክክቡ ባቡር ጣቢያ ነው። ሁለተኛ፣ ሃያ ሁለት ጥያቄ በደብተር ጻፍኩ፤ ያልመለሰ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሦስተኛውን ለማንም አልነገርኩም። ቀድሜ እሄድና ገዢውን ከሩቅ ቆሜ አያለሁ። ሰው የሚያየው የለም ብሎ ሲያስብ ነው ማንነቱ የሚወጣው፤ ይህን ከሾፌር መስታወት ተምሬዋለሁ። ሜይፌን ትስቅብኛለች። "ሽማግሌው፣ እንስሳ ነው የምትሸጠው ወይስ ሴት ልጅ ነው የምትድረው?" ትለኛለች።

መሳቅ ያቆመችው ሳሉ ሲጀምራት ነው። ሐኪሙ የደረቷን ራጅ ብርሃን ላይ ይዞ አየና ያ ዱቄት ሳንባዋ ውስጥ ገብቷል አለን። ከቤት ካልወጣ እሷ ትወጣለች፣ እሱም በሳጥን። እንዲህ ብሎ አልተናገረም፤ እኔ ግን የሰማሁት እንዲህ ነው። በአራት ወር ውስጥ አሥራ ሦስቱን አንድ በአንድ ለሰው ሰጠሁ። የቀረችው ሰሊጥ ናት።

ሰሊጥን ግን ከሌሎቹ ለይታችሁ እዩልኝ። እናቷ ስትወልዳት ሞታ ሜይፌን በየሁለት ሰዓቱ እየተነሣች ወተት በጠብታ እያጠጣች ያሳደገቻት ናት። ግራጫ ናት፤ ጀርባዋ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ የመሰለ ጥላ አላት። ሜይፌን ክፍሉ ውስጥ መግባት ከተከለከለች በኋላ በበሩ መስታወት ላይ ግንባሯን አስደግፋ ታያት ነበር። ሰሊጥም ታውቃታለች፤ መጥታ ትቆማለች።

ለሰሊጥ አሥራ አንድ ሰው ጠየቀኝ። አሥራ አንዱንም መለስኩ። አንዱ ዘቢብ እሰጣታለሁ አለ፤ አንዷ በረንዳ ላይ አኖራታለሁ አለች፤ አንዱን ደግሞ ከነጭርሱ ገና ሳየው ዓይኑን አልወደድኩትም። በመጨረሻ ሜይፌን ገንፎዋን አስቀመጠችና "ሰው የለም፣ ሰው የለም እያልክ እኔን ልትቀብረኝ ነው?" አለችኝ። ቀጥላም ጥሩ ሰው ሳታገኝላት እንዳትሰጣት፣ ግን ፈልግ፣ ቶሎ ፈልግ አለችኝ። ሁለቱን እንዴት አድርጌ እንደማስታርቃቸው አልነገረችኝም።

ኒንግ የጻፈችልኝ በዚያው ሳምንት ነው። ካዎሹንግ ከተማ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራበት ቤት ውስጥ ትሠራለች። ሌላው ሁሉ ሲጽፍ የመጀመሪያው ቃሉ "ስንት ነው?" ነው። እሷ የሰሊጥ ጥርስ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ጠየቀች። የጤነኛ ቺንቺላ ጥርስ ብርቱካንማ ነው፤ ነጭ ከሆነ አንድ ነገር ጎድሏታል። ይህን የሚጠይቅ ገዢ በስድስት ዓመት አላጋጠመኝም። ሦስት ሳምንት ተጻጻፍን። የሜይፌንን ሕመም ሳይቀር ነገርኳት፤ እንዴት እንዳወጣጣችኝ አላውቅም። ሆኖም ደብተሬን አልተውኩም። በጽሑፍ ማንም ደግ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ታይናን ጣቢያ ተቀጣጠርን። ሙቀቱ ገና በጠዋቱ ሠላሳ አራት ገብቶ ነበር። ሜይፌን በመስታወቱ ተሰናበተቻት። እኔ እንደ ልማዴ በረዶ የሆነ የውሃ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልዬ ቦርሳው ሥር አነጠፍኩ፣ ሰሊጥን ከላይ አስቀመጥኩ፣ በሞተሬ ይዣት ሄድኩ። ጠርሙሱ አንድ ሰዓት ይበቃል። ለገዢ ሁሉ የምነግረው እሱን ነው፦ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ በላይ አንድም ደቂቃ።

አርባ ደቂቃ ቀድሜ ደረስኩና ከጣቢያው ፊት ለፊት ካለው ዛፍ ሥር ቆምኩ። ኒንግም ሃያ ደቂቃ ቀድማ መጣች። በአዳራሹ መስታወት ውስጥ ተቀምጣ አየኋት፤ አጠር ያለች፣ መነጽር ያደረገች፣ ሰማያዊ ቦርሳ ጭኗ ላይ ያስቀመጠች ልጅ። ስልኳን አልነካካችም። አንድ ሽማግሌ ሲመጣ ተነሥታ አስቀመጠችው። ያኔ መግባት ነበረብኝ። ጥሩ ናት ብዬ ለራሴ ነግሬው ነበር እኮ። ግን ሰዓቱ ሲያልፍ ምን እንደምትሆን ልያት አልኩ፤ ትዕግሥት የሌለው ሰው ቺንቺላ አያሳድግም። ከቀጠሮው አሥር ደቂቃ አሳለፍኩባት። አልተቆጣችም፣ አልደወለችም። ወደ በሩ መጣችና በዓይኗ ፈለገችኝ፤ ቦርሳዬን አይታ ወጣች።

"አጎቴ ሉ እርስዎ ነዎት? ላብ በላብ ሆነዋል። ወደ ውስጥ እንግባ፣ ለእሷም ይቀዘቅዝላታል።"

ውስጥ ጫጫታ ነው፣ እዚሁ ጥላው ሥር እንጨርሳለን አልኳት። እውነቱን ልናገርና፣ ገዢ ወዲህ ግባ ወዲያ ውጣ ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ደብተሬን አወጣሁ። ቦርሳዬን ዛፉ ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ አጠገቤ አኖርኩት።

ጠየቅኳት፣ መለሰች። ምን ትበላለች? ድርቆሽ። ምን አትበላም? ዘቢብ፣ ለውዝ፣ ጣፋጭ። ገላዋስ? ስለ ገላ ስጠይቃት ያቺን በሻምፑ ያጠበቻትን ሴት ከሥር እስከ ጫፍ ተረክኩላት፤ ስለ ሰባቱ ቤተሰብም ነገርኳት፤ ሁለት ወር አስይዞኝ የጠፋው ሰውዬ ላይ ስደርስ ራሴም ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር። እሷ ምን አጠፋች? የስድስት ዓመት ብሶቴን ሁሉ በእሷ ላይ አራገፍኩት። መሀል ላይ ሰሊጥን ልታያት ትችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። ቆይ፣ መጨረሻ ላይ አልኳት። ሁላቸውም ይቸኩላሉ፤ አቅፈው ፎቶ ለመነሣት ነው የሚቸኩሉት።

አሥራ ስድስተኛው ጥያቄ ስንት ዲግሪ ሲሆን ነው የምትሰጊው የሚል ነው።

"ከሃያ ስድስት ካለፈ" አለች። "ዛሬ ደግሞ ሠላሳ አራት ነው አጎቴ፣ ስለዚህ ምናልባት አሁን..."

"የተጠየቅሽውን ብቻ" አልኳት።

የሚቀጥሉትን ስትመልስ እኔን ሳይሆን ቦርሳውን ነበር የምታየው። ሃያኛው ላይ ስንደርስ እጇን ወደ ቦርሳው ዘረጋች፣ ግን አልነካችውም፤ የእኔ ነውና።

"ይቅርታ አጎቴ፣ ቅድም ትንቀሳቀስ ነበር። አሁን ዝም ብላለች።"

"ቀን ቀን ትተኛለች። ቺንቺላ ቀን እንደምትተኛ አታውቂም?" አልኳትና ደብተሬ ላይ ከስሟ ጎን የመቀነስ ምልክት አደረግሁ። በዚህ እጄ ነው ያደረግሁት።

የቀሩትን ሁለት ጥያቄዎች ጨረሰች። ደብተሬን ዘጋሁ። እንዲያው ደስ አለኝ፤ ለሜይፌን የምነግራት ነገር አገኘሁ፤ አፌን ሞልቼ "አልፈሻል" አልኳትና ዚፑን ከፈትኩ።

ሰሊጥ በጎኗ ተኝታለች። ጆሮዎቿ ደም መስለዋል፤ አገጯ ረጥቧል። ፎጣውን ስነካው ጠርሙሱ ለብ ያለ ውሃ ሆኗል። ክው አልኩ። ኒንግ ናት በሁለት መዳፏ ያነሣቻት። ያን ሰማያዊ ቦርሳዋን ከፈተችው፤ ውስጡ በረዶ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በላዩ የእብነ በረድ ሰሌዳ ተነጥፎ፣ ብርዱ ፊቴን መታኝ። ያን ሁሉ ጊዜ እግሯ ሥር ነበር። ሰሊጥን እዚያ ላይ አስተኝታ እርጥብ መሐረብ ጆሮዋ ላይ አደረገችና ወደ አዳራሹ ሮጠች። እኔ ደብተሬንና ባዶውን ቦርሳ እንደያዝኩ ተከተልኳት። ሐኪም የት እንዳለ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት፤ በሌላኛው በር በኩል ታክሲዎቹ ወደሚቆሙበት እየሄድን ነበር። የሰሊጥ ጎን መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ፣ ከዚያ አልፎ አልፎ ከፍ ዝቅ አለ። ታክሲዎቹ ጋ ሳንደርስ ትንፋሿ ቆመ።

ኒንግ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሰው በዙሪያችን ሻንጣውን እየጎተተ ያልፋል። ብትሰድበኝ፣ ብትጮህብኝ፣ አንተ ጨካኝ ሽማግሌ ብትለኝ ምን ነበረበት? እኔ ብሆን እንዲህ ያደረገን ገዢ ባቡር ጣቢያው ሁሉ እስኪሰማ አዋርደው ነበር። እሷ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገችና ቦርሳዋን ቀስ ብላ ዘጋች።

ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ፤ ወስጄ ልቅበራት ነው። አልሰጠችኝም።

"አልፈሻል ብለውኛል" አለች። "የእኔ ናት።"

በእሺታ ራሴን ነቀነቅኩ። አቀርቅራ፣ "ለባለቤትዎ፣ ኒንግ ወሰደቻት ይበሏቸው። ውሸት አይሆንም" አለችኝ። ከዚያ ተነሥታ ወደ ባቡሩ ሄደች። ስታልፍ ሰው እንዳይገፋባት ቦርሳውን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቅፋው ነበር።

ቤት ስገባ ሜይፌን በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ባዶውን ቦርሳ አየችና እጇን አፏ ላይ አደረገች።

"አገኘህላት?"

"አገኘሁላት" አልኳት።

ምን ዓይነት ሰው እንደሆነች ንገረኝ ማለት ስታበዛ ነገርኳት። ጥርስ ትሠራለች አልኳት። ቀድማ መጣች፣ ለሽማግሌ ወንበር ለቀቀች፣ በረዶና እብነ በረድ አዘጋጅታ መጣች፣ ሃያ ሁለቱንም መለሰች አልኳት። ከተናገርኩት ውስጥ አንድም ውሸት አልነበረበትም። ሜይፌን እያለቀሰች ሳቀች፤ በሳቁ መሀል ሳሏ መጣ፤ ጀርባዋን ይዤ እስኪያልፍላት ጠበቅኩ።

"ፎቶ ትልካለች አይደል? በየሳምንቱ ላኪ በላት። አየህ፣ አንተ ሰው የለም ስትል ነበር።"

"ሰውስ ነበር" አልኳት።