ለማር አፍ የተጻፈ መስመር

ወታደሩ ከሞተ ወዲህ እናቱና ሚስቱ ሆድና ጀርባ ሆነዋል። ድሮ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ጎን ለጎን ይቀመጡ የነበሩ ሴቶች፣ አሁን ገበያ ላይ ሲገጣጠሙ አንዷ ሽንኩርት የምትመርጥ መስላ ታጎነብሳለች፣ ሌላዋ መንገድ ትቀይራለች። ሟቹ ሳይዘምት በፊት አናጢ ነበር። ምላሱ ግን ከመጋዙ ይበልጥ ስለሚሠራ መንደርተኛው «ማር አፍ» ይለው ነበር። ያኮረፈ ሰው ደጅ ከቆመ ሳያስቅ አይመለስም።

የአጥቢያው ምእመናን በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ የእብነ በረድ መታሰቢያ ሊያኖሩለት ወሰኑ። ከስሙ ሥር ለአንድ መስመር የሚሆን ቦታ ተተወ። ቄሱም «መስመሩን ቤተሰቡ ይምረጥ» አሉ። ቤተሰቡ ማለት እነዚያ ሁለቱ ናቸው፤ ጣጣው እዚህ ላይ መጣ።

እናትየው ድንጋይ ጠራቢው ግቢ ሲደርሱ፣ ምራታቸው ቀድማ አንድ ረጅም ሳጥን ላይ ተቀምጣ አገኟት። ጠራቢው አፍንጫው ላይ ያሰረውን ጨርቅ ዝቅ አድርጎ ከፀጉሩ ነጭ አቧራ አራገፈ።

«እህ፣ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«‹የእናቱ ዓይን› በልልኝ» አሉ እናትየው።

«‹የሚስቱ ጥላ› ነው የሚባለው» አለች ምራቲቱ።

ሰውየው መዶሻውን አስቀመጠ። «ያለችው አንድ መስመር ናት። ተስማሙና ጥሩኝ» ብሎ ወደ ጓሮ ዞረ።

ጠራቢው ዞር እንዳለ እናትየው ገነፈሉ።

«አንቺ ባትለቂው ኖሮ ዛሬ ይኼ ድንጋይ አይጠረብም ነበር!»

«እኔ ነኝ የለቀቅኩት?» ምራቲቱ ብድግ አለች። «እርስዎ አይደሉ መርቀው የሸኙት? ‹እማዬ መርቃኛለች› ሲለኝ በምን አፌ ልከልክለው?»

«መቼ ነው የመረቅኩት? እንኳን ልመርቀው፣ አልቅሼ ለምኜዋለሁ! ‹ሚስቴ እሺ ብላኛለች፤ በትዳሬ አትግቢ› ብሎ ነው አፌን ያስያዘኝ።»

ምራቲቱ ክው አለች።

«እሺ ብላኛለች አለ?»

«አዎ።»

«እኔኮ እስኪሄድ ድረስ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነበር የምተኛው!»

እናትየው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። መጀመሪያ የመጣው እንባ ነበር፤ ከእንባው መሀል ግን ሳቅ አፈተለከ።

«ይኼ ቀጣፊ! ሁለታችንንም ሸነገለን!»

ምራቲቱም ከት ብላ ሳቀች፣ ሳቋ ሳያልቅ ተንሰቀሰቀች። እናትየው ሳጥኑ ላይ ጎትተው አስቀመጧትና አጠገቧ ተቀምጠው በነጠላቸው ጫፍ ፊቷን ጠረጉላት።

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ። ስምሽን በክፉ ሳነሳ ነው የከረምኩት።»

«እኔስ፣ እማማ? በሆዴ ያላልኩት የለም።»

ጠራቢው ሲመለስ የተስማሙበትን ነገሩት። ጆሮውን ተጠራጥሮ «ይኼንንስ ቄሱ ይስሙት» ብሎ ሰደዳቸው።

ቄሱ ሲሰሙ ቅንድባቸው ወደ ላይ ወጣ። «‹ሁላችንንም ሸንግሎ ሄደ፤ እንወደዋለን›? በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ?»

«እርስዎንስ አልሸነገለም፣ አባ?» አለች ምራቲቱ።

ቄሱ ቀና ብለው የሚያፈሰውን የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ አዩ። ማር አፍ ሊዘምት ሲል «አያስቡ አባ፣ ክረምት ሳይገባ መጥቼ እጠግነዋለሁ» ብሏቸው ነበር።

«ሸንግሎኛል» አሉ። «በሉ ይጻፍ።»

እብነ በረዱ በተሰቀለበት እሑድ ሰው ሁሉ ከሥሩ ተሰበሰበ። ያነበበ ላላነበበው እያነበበ፣ አንዱ ማር አፍ ሊሠራለት የማለለትን በር፣ ሌላው ሳይሠራለት የቀረውን ወንበር እያነሳ፣ ዓይኑን እየጠረገ ሳቀ። ባለ ወንበሩማ «ቁሜም ቢሆን እወደዋለሁ!» ብሎ ቄሱን ሳይቀር አሳቀ።

በዚያው ሳምንት እናትየው ዕቃቸውን ሸክፈው ምራታቸው ቤት ገቡ። አልጋው በመስኮት በኩል ይሁን በበር በኩል በሚል እስኪመሽ ተጨቃጨቁ፤ የሚያስታርቅ ሰው ግን አላስፈለጋቸውም።