የአንገት ቁልፍ

በአንዲት የአንገት ቁልፍ የተነሳ እንደ ሌባ በማኅበር ፊት ቆምኩ። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

እዚህ ማስቪንጎ ከተማ የቤተ ክርስቲያናችን እናቶች ሐሙስ ሐሙስ እንሰበሰባለን። የደንብ ልብሳችን እስከ ጉሮሮ የሚቆለፍ፣ ገበር ያለው ሐምራዊ ጃኬት ነው። በጸሎት ላይ ቁልፉን መፍታት ነውር ነው። ልብሱን የተቀማች ሴት ደግሞ ስትሞት ማኅበሩ እየዘመረ አይቀብራትም። እናቴ በዚያ ልብስ ተቀብራለች፤ እኔም በእሱ መቀበር እፈልጋለሁ።

የወር አበባዬ ከተቋረጠ ወዲህ ግን ሙቀት ከደረቴ ድንገት ተነስቶ ፊቴን ይለበልበኛል። ከዚህ ቀደም የእግሬ ደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶብኝ ስለነበር ለዚህ የሚሰጠው የሆርሞን ኪኒን አይሆንልኝም። የጤና ጣቢያችን ነርስ፣ ሲስተር ቺዬድዛ፣ «ስስ ጥጥ ልበሺ፤ ሲመጣብሽ ገለጥ አድርጊ፤ ማራገቢያ ያዢ፤ ትኩስ ሻይና የሚያቃጥል ነገር ከባሰብሽ ተዪው። ለሁሉም እኩል አይረዳም፣ ግን ሞክሪው» አለችኝ። ልብስ ሰፊ አይደለሁ? በዚያው ቀለም፣ ያለ ገበር፣ ከጥጥ ሰፋሁ።

ባለፈው ሐሙስ ለብሼው ሄድኩ። ጥቅምት በእኛ አገር ሙቀቱ የሚበረታበት ወር ነው፤ ፀሐይዋ የጣሪያውን ቆርቆሮ ስትጠብሰው ሙቀቴ መጣ። ቁልፌን ፈትቼ ማራገብ ጀመርኩ። ሊቀ መንበራችን፣ የሳሩድዛይ እናት፣ መዝሙሩን አስቆሙ።

«የታፋራ እናት! ገበያ መሰለሽ?» አሉኝ።

«እትዬ፣ እየተቃጠልኩ እኮ ነው!»

«እኛስ አልተቃጠልንም? ሰባት ዓመት ሙሉ! ሆድ ይፍጀው ብዬ ቻልኩት እንጂ አንዲት ቁልፍ ፈታሁ?»

«ታዲያ ማን ይቻሉት አለዎት?»

«ሕግ ሕግ ነው» አሉ ፓስተራችን፣ በአጭር እጅጌ ሸሚዝ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው። ነፋሱ እሳቸው ጋ ነው፣ ሕጉ እኛ ጋ!

ልብሱን እንዳስረክብ ተፈረደብኝ። ሴቶቹ ድምፅ ለመስጠት እጃቸውን ሲያወጡ የግማሾቹ ብብት በላብ ጠቁሯል። ከሁሉም ያንገበገበኝ ይሄ ነው። እነዚህ ናቸው የፈረዱብኝ!

ጃኬቴን ጠረጴዛው ላይ ጥዬ በውስጥ ሸሚዜ ወጣሁ። በረንዳው ላይ የሳሩድዛይ እናት ደረሱብኝ። በሩን ከኋላቸው ዘጉ።

«ስሚኝ እስቲ» አሉ በሹክሹክታ። «ልጄ ሳሩድዛይ አርባ ስምንት ዓመቷ ነው። ሙቀቱ ጀምሯታል። ትናንት ጓዳ ገብታ ስታለቅስ አገኘኋት። እንደዚያች ጃኬትሽ ያለች፣ ከጥጥ፣ ትሰፊላት? ቀለሙ አንድ ነው፣ ማንም አያውቅም።»

ሰባት ዓመታቸውን በእኔ ላይ ይደፋሉ፤ ልጃቸው ላይ ሲደርስ ጥጥ ይፈልጋሉ!

«ማንም ሳያውቅ?» አልኳቸው። «እኔስ የሰው ልጅ አይደለሁም?»

«እሱን ቀስ ብለን፣ ሌላ ሐሙስ እናነሳዋለን…»

«ለምን ሌላ ሐሙስ? ሴቶቹ ገና አልተበተኑም። ይግቡና አሁን ለእኔ የነገሩኝን ለእነሱ ይንገሯቸው። ያን ጊዜ ለሳሩድዛይ እሰፋለሁ።»

ይህን ብዬ የዘጉትን በር ከፈትኩላቸው።