ሲክስተን ያልሰማው ጩኸት

እኛ የሂልቦ መንደር ሰዎች ወሬ አናበዛም። ቢሆንም እንደ ሲክስተንና እንደ ኢቫር ዝም የተባባሉ ሰዎች አላየሁም። ወንድማማቾች ናቸው። ቤታቸው ከእኔ ቤት ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ነው፤ ከጓሮው አባታቸው ያቋቋመው የብረት ሥራ ቤት አለ። ሁለቱም ትዳር አልያዙም። ታላቁ ሲክስተን ፎቅ ላይ፣ ታናሹ ኢቫር ታች ይኖራሉ። የመንደሩን ደብዳቤ የማድለው እኔ ስለሆንኩ፣ ለአንድ ቤት ሁለት የፖስታ ሳጥን መተከሉን መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ።

"ምነው ሲክስተን፣ ሁለተኛ ሳጥን?" ብዬ ጠየቅኩት።

"አንዱ ጠበበን፣ ማይብሪት" አለና መዶሻውን ይዞ ገባ።

የተጣሉት በአባታቸው ፍሬዛ ነው። ብረትን በሚሽከረከር መቁረጫ እየፈለፈለ ቅርጽ የሚያወጣ፣ በእጅ የሚዘወር፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ከባድ ማሽን ነበር። ሲክስተን ሙያውን የተማረው፣ ቁመቱ ገና ሳይደርስ ሳጥን ላይ ቆሞ፣ በዚያ ማሽን ነው። ታዲያ ጉልበቱን ሊታከም ሆስፒታል በተኛበት ሰሞን ኢቫር በኮምፒውተር የሚታዘዝ አዲስ ፍሬዛ አስመጣ። ቦታ ሲያጣ አሮጌውን ለውራጅ ብረት ሰብሳቢዎች አስጫነው። ሲክስተን በምርኩዝ እያነከሰ ሲመለስ ወለሉ ላይ ያገኘው የዘይት እድፍ ብቻ ነበር። ቆሞ አየው። "እንግዲህ ከኮምፒውተርህ ጋር አውራ" አለና ወጣ። ከዚያ በኋላ ሳይነጋገሩ ዓመታት አለፉ።

ሥራው ግን አልቆመም። ኢቫር በሥራ ቤቱ ጥግ፣ ድምፅ የማያስገባ ድርብ መስታወት በተገጠመለት ክፍል ተቀምጦ መቁረጫው የሚሄድበትን መንገድ በኮምፒውተር ይነድፋል። በየት ይግባ፣ ምን ያህል ይጥለቅ፣ በምን ፍጥነት ይሂድ፣ በየት ይውጣ፣ ይህን ሁሉ የሚወስነው እሱ ነው። ሲያበቃ ወደ ማሽኑ ይልከዋል። ሲክስተን ብረቱን በማሽኑ መያዣ፣ በሞርሳው ያስርና፣ ፕሮግራሙ መድረሱን ለማሳወቅ ጀርባውን እንዳዞረ እጁን ያነሳል። ያች የእጅ ማንሳት የቀኑ ንግግራቸው ነበረች። ምሳ ሰዓት አንዱ ፎቅ፣ አንዱ ታች ድንቹን ይቀቅላል። ሐሙስ ሐሙስ የሁለት አተር ሾርባ ሽታ ከሁለት መስኮት ይወጣ ነበር።

ኢቫር አንድ ጊዜ ለመታረቅ ሞክሯል። ይህን የነገረኝ እሱ ራሱ ነው። በመከር ወራት ሲክስተን ከእንጨት መጋዘኑ ፊት ለፊት ለክረምት ማገዶ ሲደረድር ከኋላው ሄዶ ቆመ። "ሲክስተን፣ ያን ማሽን ሳልጠይቅህ መስጠት አልነበረብኝም። ይቅር በለኝ" አለው። ሲክስተን አልዞረም። አንድ እንጨት አነሳ፣ ደረደረ፤ ሌላ አነሳ። ኢቫር ጥቂት ጠበቀና ተመለሰ። "ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር" አለኝ። ዳግመኛ አልሞከረም።

ባለፈው ዓመት በረዶው መቅለጥ ሲጀምር አንድ ትእዛዝ መጣ። የዓይን ሐኪሞች በሽተኛውን የሚያዩበት መሣሪያ ወደፊትና ወደኋላ የሚንሸራተትበት የብረት ሳህን ነበር። ሳህኑ ላይ የሚወጣው ቦይ አፉ ጠባብ፣ ወለሉ ሰፊ ነው፤ ተንሸራታቹ በጎን ገብቶ ይሄዳል እንጂ ወደ ላይ አይነቀልም። ሌላው ዓለም የርግብ ጭራ ይለዋል፤ እኛ ግን ዓሣ አጥማጆች ነንና የሳልሞን ጭራ እንላለን።

እንዲህ ያለውን ቦይ መንደፍ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሚቆርጠው መሣሪያ ራሱ ከታች ሰፊ፣ አንገቱ ቀጭን ነው። ከላይ ወርዶ መግባት አይችልም፤ መሀል ላይ ከሆነም ወደ ላይ እናውጣህ ቢሉት ሥራውንም ራሱንም ይሰብራል። ስለዚህ በመጀመሪያ ቀጥ ያለ መቁረጫ ቦዩን ይከፍትለታል፤ ከዚያ ሰፊው ከሳህኑ ጫፍ ውጪ ይጀምርና በጎን ገብቶ አንዱን ግድግዳ ይዞ እስከ ዳር ይወጣል፤ ሌላውን ግድግዳ ደግሞ እንደገና ከውጪ ጀምሮ ነው። ኢቫር ሁሉንም እንደ ደንቡ ነደፈ። ኮምፒውተሩ ላይ አስሮጦ አየው፤ ምንም ሳይነካካ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ላከው። የሲክስተን እጅ ተነሳች።

ትንሽ ቆይቶ የመስታወቱ በር ተከፈተ። ሲክስተን ገብቶ አንገቱ የተቆረጠ መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ።

ኢቫር መንገዱን መስመር በመስመር መረመረ። ስህተት የለም። ፍጥነቱን ቀነሰና ደግሞ ላከ። ደግሞ ተሰበረ። ሲክስተን ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ጎን፣ ልክ እንደ ማንኪያ አስተካክሎ አስቀመጠው። በዚህ ጊዜ ኢቫር ደሙ ፈላ። "ይህ ሰው ሆን ብሎ ነው" አለ በልቡ። "መሀል ላይ እያስቆመ ወደ ላይ እየነቀለው ነው። ሊያዋርደኝ ነው።" ሦስተኛውን ፕሮግራም ላከና፣ ለወትሮው ከማይወጣበት ክፍል ወጥቶ፣ ከሲክስተን ጀርባ ሄዶ ቆመ። በዓይኑ ሊያየው፣ እጅ ከፍንጅ ሊይዘው ነበር አሳቡ።

ቀጥ ያለው መቁረጫ ቦዩን ከፍቶ ወጣ። ሰፊው ገባ። መጀመሪያ ድምፁ ደህና ነበር፤ ንብ እንደተዘጋበት ማሰሮ ያለ። ወደ መሀል ሲደርስ ማፏጨት ጀመረ። ከዚያ ጮኸ። ኢቫር ሲነግረኝ ጆሮውን በእጁ ይዞ ነው፤ "ማይብሪት፣ አሳማ ሲያርዱት እንደዚያ አይጮኽም!" እዚህ አገር ሙያ ሊማር የገባ ልጅ በመጀመሪያው ቀን የሚነገረው ነገር ቢኖር እንዲህ ያለ ጩኸት ሲሰማ ማሽኑን እንዲያቆም ነው። ሲክስተን ግን በማቀዝቀዣው ውኃ የደፈረሰውን የማሽኑን መስኮት እያየ፣ መዳፉን በሩ ላይ አሳርፎ፣ ሐይቅ እንደሚመለከት ሰው ቆሟል።

"አቁመው!" አለ ኢቫር።

ሲክስተን ንቅንቅ አላለም።

"ሲክስተን! አቁመው እንጂ!"

ኢቫር በወንድሙ ትከሻ ላይ ተንጠራርቶ ቀዩን ቁልፍ መታው። ማሽኑ ቀጥ አለ። ሲክስተን ደንግጦ ዞረ፤ ፊቱ ነጭ ሆኗል።

"ምን ነካህ አንተ? በድንጋጤ ልትገድለኝ ነው?"

ከተጣሉ ወዲህ ሲክስተን ለኢቫር የተናገረው የመጀመሪያው ቃል ይኸው ነበር።

"ጩኸቱን አልሰማህም?"

"የምን ጩኸት?"

ሲክስተን ዓይኑን ከወንድሙ ከንፈር ላይ አልነቀለም። ኋላ ወደ ማሽኑ ሲዞር፣ ኢቫር ሰው በክፍል ውስጥ በሚያወራበት ድምፅ "ሲክስተን" ብሎ ጠራው። አልዞረም። "ሲክስተን፣ ሥራ ቤቱ እየተቃጠለ ነው።" ሲክስተን የማሽኑን በር ከፍቶ የብረቱን ፍቅፋቂ በብሩሽ መጥረግ ጀመረ።

ኢቫር ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ። እንጨት መጋዘኑ ጋ ያየው ጀርባ ትዝ አለው። አንድ እንጨት፣ ሌላ እንጨት። እነዚያን ሁሉ ዓመታት እንደ እንቢታ የቆጠረው ዝምታ ምኑ ኩርፊያ፣ ምኑ የጆሮ አለመስማት እንደነበር አሁን ማን ይለይለታል?

ተነሥቶ ከፊቱ መጣና ጮኸ። "ከመቼ ጀምሮ ነው?"

ሲክስተን ሊክድ ፈልጎ ነበር መሰለኝ፤ ብሩሹን አገላበጠ። ከዚያ "ና፣ ቡና እንጠጣ" አለ። ፔርሙዙን ይዞ ከደጅ ያለው ደረጃ ላይ ተቀመጠ፤ ኢቫርም አጠገቡ። እኔ ደብዳቤ ይዤ የመጣሁት ያን ጊዜ ነው። ሁለቱን በአንድ ደረጃ ላይ ሳይ የሞተ ሰው ያለ መስሎኝ ቆምኩ።

"ያ ክፉ ጉንፋን የያዘኝ ክረምት ቀኝ ጆሮዬ ሄደ" አለ ሲክስተን። "ግራው ቀስ እያለ ተከተለው።"

"ለምን አልተናገርክም?"

"ምን?"

"ለምን አልተናገርክም!" ኢቫር ሲጮኽ የጎረቤት ውሻ መለሰለት።

"መስማት ከተሳነህ ሥራ ቤት ብቻህን አያስገቡህም። እዚያ ባልገባ ቀኑን ምን ላደርገው ነው?" ቡናውን ተጎነጨ። "ኩርፊያው ደግሞ ተመቸኝ። ከማይነጋገር ሰው ጋር ጆሮህ እንዴት ነው የሚል የለም።"

ኢቫር ወደ ወንድሙ ዞሮ፣ መንደሩ እስኪሰማ፣ "ያን ማሽን በመስጠቴ ይቅር በለኝ!" ብሎ ጮኸ። እኔ ደብዳቤዎቹን እንደያዝኩ ወዴት እንደምመለከት ጠፋኝ።

"ሰማሁህ" አለ ሲክስተን። "የአባባ ማሽን ነበር፣ ኢቫር። የግራ መዘወሪያው ላይ አውራ ጣቱ የበላው ቦታ ነበረው።" ተነሥቶ የቡናውን አተላ በረዶው ላይ ደፋ። ይቅር ብዬሃለሁ አላለም። ሸሽቶም አልሄደም።

የሳልሞኑን ጭራ ያን ሳምንት አብረው ጨረሱት። ኢቫር ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ ማሽኑ ጋ ቆሞ ሰምቶ ደረሰበት። ኮምፒውተሩ ላይ የተቆረጠ ብረት ብን ብሎ ይጠፋል፤ በእውነቱ ዓለም ግን ፍቅፋቂው መውጫ አጥቶ ቦዩ ውስጥ ይታጨቅ ነበር። የመጀመሪያውን ቦይ አሰፋው፣ ሰፊው መቁረጫም ግድግዳውን በአንዴ ሳይሆን ስስ ስስ እያደረገ እየተመላለሰ እንዲገፍ አደረገው፤ በየምልልሱ መሀል ውኃው እንዲያጥበው አዘዘ። ሲክስተን መዳፉን በሩ ላይ አድርጎ፣ "አሁን አይንቀጠቀጥም" አለ። ኢቫርም በጆሮው ሰምቶ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። መቁረጫው ከዳር እስከ ዳር ሄዶ በሰላም ወጣ።

ከዚያ ኢቫር ወንድሙን ወደ ከተማ ወሰደው። ሐኪሟ የጆሮ መሣሪያ ሰጠችው፤ የቀረችው የመስማት ኃይሉ ግን በማሽን ጫጫታ እንዳትጠፋ ሥራ ቤቱን እንዲተው አጥብቃ ነገረችው። ቤት ሲደርሱ ሲክስተን የሥራ ካፖርቱን ከሚስማሩ አውርዶ፣ አጣጥፎ፣ ወደ ፎቅ ይዞት ወጣ።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ አንድ ሾርባ ነው የሚሸተው። ይበላሉ፣ ይነጋገራሉም። ኢቫር ወሬ ሲያበዛ ሲክስተን መሣሪያውን ከጆሮው ነቅሎ ከጨው ዕቃው አጠገብ ያስቀምጣል። "ማረፍ ያስፈልገዋል" ይላል። በቀረው ቀን ሲክስተን ሐይቁ ዳር ነው፤ ሥራ ቤቱ በር ድረስ እንኳ አይመጣም። ኢቫር "ና፣ ዝም ብለህ ተቀመጥ" ብሎት ነበር፤ "ቆሜ የማላሠራውን ተቀምጬ አላይም" አለው።

ባለፈው ሳምንት ኢቫርን ደረጃው ላይ ዳቦ በሄሪንግ ዓሣ ሲበላ አገኘሁት። ለዓይን ሐኪሞቹ ሌላ ትእዛዝ መጥቷል።

"ታረቃችሁ፤ ደስ አይልም?" አልኩት።

"ደስ ይላል።" ፍርፋሪውን ከጉልበቱ ላይ አራገፈ። "ግን ታውቂያለሽ ማይብሪት፣ ድሮ የሚያኮርፈኝ ሰው ነበረኝ። ቀና ስል ጀርባውን አያለሁ። አሁን ፕሮግራሙን እልካለሁ፣ ወጥቼ ማሽኑ ጋ ሄጄ ራሴ እቀበለዋለሁ። ልምድ ሆኖብኝ ትናንት መስታወቱ ጋ እጅ እስኪነሳ ስጠብቅ ቆየሁ።"

ደብዳቤውን ሰጠሁት። ከውስጥ ማሽኑ ሥራውን ጨርሶ ጲጵ ጲጵ ማለት ጀመረ።

"መጣሁ፣ መጣሁ" አለው፤ አፉን ጠርጎ ገባ።