ጥየቃ የመጡት ሽማግሌዎች

እስካሁን ያንገሸግሸኛል። ሃያ ሁለት ዓመት ማኅበራዊ ሠራተኛ ሆኜ ስንቱን ጉድ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ማክሰኞ ግን የገዛ ቢሮዬ አስጠልቶኝ አያውቅም።

ኢየሩ የቀጨኔ ልጅ ናት። ባሏ ኤርሚያስ ክንዷን ሲሰብራት ጎረቤት ደግፎ እኛ ድርጅት አመጣት፤ መጠለያ ያስገባኋትም እኔ ነኝ። «እትዬ ጸሐይ፣ ካገኘኝ ይገድለኛል» አለችኝ። ያለችበት ቦታ ከእኛ አፍ እንደማይወጣ ማልኩላት።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥለው መጡ። ፊት የሚቀድሙት ጋሽ ዓምሃ የሰፈራችን የእድር ዳኛ ናቸው፤ አባቴ ሲሞት ለቅሶውን ከዳር ያደረሱት እሳቸው ናቸው። ለእርቅ መጣን ቢሉ መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። ሰውዬው ግን ብልጥ ናቸው።

«ስለ ጠቡ አልመጣንም ልጆቼ። ልጅቷ ታማለች ሲሉ ሰምተን ልንጠይቃት ነው። የታመመ መጠየቅ ነውር ነው እንዴ?»

ኃላፊያችን አቶ አለማየሁ ብድግ አለ። በየስልጠናው «ምስጢር መጠበቅ የሙያችን ነፍስ ነው» እያለ ጆሯችንን የሚያደነቁረው እሱ ነው። «ኧረ ጽድቅ ነው እንጂ ጋሼ! ጳውሎስ ጋ ከታክሲ ወርደው፣ በጀርባ በኩል አረንጓዴ በር ያለው ግቢ ነው» አላቸው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ!

እኔስ? አጠገቡ ቁጭ ብያለሁ። «አይቻልም ጋሽ ዓምሃ» ማለት እያለብኝ ይሉኝታ አፌን ዘጋው። ይባስ ብሎ ሲመርቁን አንገቴን ሰብሬ «አሜን» አልኩ። እፍ! ራሴን ጠላሁት።

እንደወጡ ጮህኩበት።

«ምን አድርጌ ነው?» አለኝ። «ሽማግሌ ፊት ይነሳል እንዴ? እነሱ እኮ ለጥየቃ ነው፣ በቃ!»

ቀኑን ሙሉ ሌላ መጠለያ ሳፈላልግ ዋልኩ። የተገኘው ለማግስቱ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ኤርሚያስ አረንጓዴው በር ላይ ቆሟል፤ የብርቱካኑ ፌስታል እሱ እጅ ላይ ነው። ጥበቃው አላስገባውም፣ ፖሊስም መጥቶ ወሰደው። ኢየሩ ግን በመስኮት አይታዋለች።

አለማየሁ ጠራኝና ወረቀት ገፋ አደረገልኝ። «አድራሻውን ራሷ ለቤተሰቧ ተናግራለች ብለን እንዝጋው። ፈርሚ።»

ወንበሬን ገፍቼ ተነሳሁ። «በተሰበረ ክንዷ ላይ ደግሞ ውሸት ልትጭንባት ነው? አታፍርም?»

«አንቺም እኮ ነበርሽ» አለኝ፣ ረጋ ብሎ።

እውነቱን ነው፤ ያ ነው አንጀቴን ያሳረረው። ወረቀቱን መልሼለት የሆነውን ሁሉ በእጄ ጻፍኩ። የእሱን ወሬ፣ የእኔን ዝምታ፣ «አሜን» ማለቴን ሳይቀር ጽፌ ፈረምኩበትና ወደ መጠለያው ሄድኩ።

ኢየሩ በአንድ እጇ ሻንጣዋን እየሸከፈች ነበር። ሳትዞር «ማን ነገረው?» አለችኝ።

መዋሸት እችል ነበር። «እኛ ነን» አልኳት። «ኃላፊዬ ተናገረ፣ እኔ አጠገቡ ሆኜ ዝም አልኩ።»

አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። የሻንጣዋን ዚፕ ዘጋችው።

«ሌላ ቦታ አግኝቼልሻለሁ፤ ልውሰድሽ።»

«አይ፣ አንዲት ፖሊስ ሌላ ቦታ ትወስደኛለች።»

«የት?» ብዬ አረፍኩት፣ አፌ አይያዝ ነገር።

እስከዚያች ቀን ድረስ እንደ እናቷ «አንቺ» ነበር የምትለኝ። «እሱን ለእርስዎ አልነግርም» አለችኝ።

«ልክ ነሽ» አልኳት። ሻንጣዋን ላግዝሽ ብዬ እጄን ብዘረጋ ወደ ራሷ ሳበችው።