እሁዶቹን ይጣሏቸው

ልጄ ኤልዛን በየእሁዱ ከኬፕታውን ብቻዋን እየነዳች ወደ ሥራችን፣ ወደ ካሩ በረሃ ትመለሳለች። የመጨረሻው መቶ ኪሎ ሜትር ጠጠር ነው። እኔ የሚታየኝ የፈነዳ ጎማና የተገለበጠ መኪና ነው። ወጥ ቤት ውስጥ የመነጋገሪያ ሬዲዮ የደበቅኩት ለዚህ ነው።

የምንሠራው አንድ ግቢ ነው፤ እሷ ሰማይ በሚያዳምጡት ትልልቅ የቴሌስኮፕ ሳህኖች፣ እኔ ወጥ ቤት። ግቢው ውስጥ ስልክም ሆነ የመነጋገሪያ ሬዲዮ መክፈት ክልክል ነው። ከሩቅ ጋላክሲ የሚደርሰው ሞገድ ደካማ ስለሆነ የእኛ ጩኸት ይውጠዋል። አውቃለሁ። ግን የወንድሜ የዳዊድ እርሻ መንገዱ ዳር ነው። እሁድ ከሰዓት መኪናዋን ሲያይ በሬዲዮ «አለፈች» ይለኛል። እኔም «እሺ» ብዬ ሬዲዮውን ወደ ቆርቆሮው የዳቦ ሣጥን እመልሰዋለሁ።

አንድ ሰኞ ጠዋት፣ በሻይ ሰዓት፣ አለቃዋ ፕሮፌሰር ሎምባርድ ወረቀት ይዘው ገቡ።

«ኤልዛን፣ ለመጽሔት የላክሽውን ጽሑፍ አስመልሺ። ከዚሁ ግቢ የሬዲዮ ሞገድ ተይዟል። አገኘሁ ያልሽው ነገር ጩኸት ነው።»

የአራት ዓመት ልፋቷ ነው። አንዲት ትንሽ ጋላክሲ ታጠናለች። ጋላክሲን በስበቱ አቅፎ የሚይዘው የማይታየው ቁስ እንደሚባለው መሃሏ ላይ ተከምሮ ቢሆን ኖሮ፣ እዚያ ያለው ጋዝ በፍጥነት ይዞር ነበር። እሷ ያገኘችው ግን ዝግ ያለ ዙረት ነው። ያ ቁስ እኛን የማይነካ፣ የራሱ ብቻ የሆነ ስውር ኃይል አለው፤ እርስ በርሱ እየተጋጨ ስለሚበተን መሃል ላይ አይከመርም ትላለች።

«አላስመልስም» አለች።

«የማይታይ ቁስ አነሰሽና የማይታይ ኃይል ጨመርሽበት! ነገ ደግሞ የማይታይ ፓርላማ ታቋቁሚለታለሽ።»

«እርስዎ እኮ ሞገዱ ሳይያዝም አላመኑኝም። አሁን ሰበብ አገኙ።»

ሻይ የምቀዳበትን ማንቆርቆሪያ አስቀመጥኩ። ሲያባርሩኝ፣ ፖሊስ ሲመጣ፣ ቤት ስንለቅ፣ ሁሉም ታየኝ። ቢሆንም የዳቦ ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ከፈትኩት።

«የእኔ ነው።»

«ታኒ ሶፊ! እርስዎ?» አሉ ፕሮፌሰሩ፤ ግቢው ሁሉ «እትዬ» ለማለት ታኒ ይለኛል።

«ማማ፣ ገደልሽኝ እኮ!» ኤልዛን ጮኸች።

«ዝም በይና አዳምጪ። የምከፍተው እሁድ ብቻ ነው። በሌላው ቀን ባትሪውንም አወጣዋለሁ።»

«ይህን በምን እናምናለን?» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«የያዛችሁት በየትኛው ቀን ነው? ወረቀቱን ያንብቡታ!»

አነበቡ። ሁሉም እሁድ ነበር።

ኤልዛን ቀስ ብላ ተነሣች። «እሁዶቹን በሙሉ ይጣሏቸው። የቀሩትን ቀናት ብቻ እናስላ። የጋላክሲዋ መሃል ፈጥኖ ከዞረ፣ ጽሑፉን ራሴ እቀደዋለሁ።»

ስሌቱ እስከ ረቡዕ ቆየ። እኔ እስከዚያ እህል አልቀመስኩም። ረቡዕ ፕሮፌሰሩ መጥተው አዲሱን ሥዕል ፊቷ አስቀመጡ። መስመሩ ትንሽ ሻካራ ሆኗል፤ መሃሉ ግን እንደ በፊቱ ዝግ ብሎ ይዞራል።

«ይህ ስውር ኃይል አለ ማለት አይደለም» አሉ። «ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል።»

«ሊኖረው ይችላል። ጩኸት ግን አይደለም። ጽሑፌም አይመለስም።»

ፕሮፌሰሩ ሻያቸውን ጠጥተው ወጡ።

እኔን ዓርብ አሰናበቱኝ። ቅጹ ላይ «የጥፋቱ ምክንያት» የሚል ቦታ ነበረ። «ልጄ መንገድ ላይ ነበረች» ብዬ ጻፍኩ። «መጸጸትዎን ይግለጹ» የሚለውን ባዶ ትቼ ፈረምኩ።

አሁን እሁድ እሁድ ዳዊድ እርሻ በር ላይ ቆሜ፣ ስታልፍ በዓይኔ አያታለሁ።