ጉንጬ በሰሌዳ ላይ

ጎጆ ከተማ ውስጥ ፊትሽ ላይ አንድ ነገር ከወጣ፣ ከሐኪም በፊት ሰፈሩ ይመረምርሻል። የኔን ጉንጭ አይቶ "ሥጋ ደዌ ነው" ብሎ ፈረደ። ኦቦ ሞሲሳ የሚባሉ ወላጅ "ልጄን እንዳታስተምር" ብለው አመለከቱ። ርዕሰ መምህሩ ኦቦ ሂርጳም ከክፍሌ፣ ከአስረኛ ቢ፣ አስወጥተው ቤተ መጻሕፍት አስቀመጡኝ። አሥራ አንድ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርኩትን እኔን! ደሜ ፈላ።

አምቦ ወረድኩ። ዶክተር ፉአድ ከጉንጬ ምስር የምታክል ቆዳ ቆርጦ ለምርመራ ወሰደ። ውጤቱ ሲደርስ "በዓይኔ ካላየሁ አልሄድም" አልኩት። ሳቀና ማይክሮስኮፑን ለቀቀልኝ።

"ሐምራዊዎቹ ነጠብጣቦች ነጭ የደም ሴሎች ናቸው" አለኝ። "ጠላት የመጣ መስሏቸው የራስሽን ቆዳ ይወጋሉ። የላይኛውና የታችኛው ቆዳ የሚገናኙበትን መስመር እዪው፣ ቦታ ቦታው ተበሳስቷል። ሉፐስ ይባላል። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያም ፈልገን አላገኘንም። ይሄ ወደ ማንም አይተላለፍም። መድኃኒትሽን ውሰጂ፣ ከፀሐይም ተጠበቂ።"

ያየሁትን በስልኬ ፎቶ አነሳሁ።

ኦቦ ሂርጳ የሐኪሙን ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። "ማሎ፣ እባክሽ ለንሳ፣ በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። ለወላጆች ምን ብዬ ላስረዳ? ነገሩ ትንሽ ይብረድ።"

ይብረድ! የሚነደው የኔ ፊት ነው።

ቅዳሜ የወላጆች ስብሰባ እዚያው አስረኛ ቢ ክፍል ነበር። ሳልጠራ ገባሁ። ጠመኔ አንስቼ፣ የስልኬን ፎቶ እያየሁ ቆዳዬን ሰሌዳው ላይ ሣልኩት፤ የተበሳሳውን መስመር፣ ከሥሩ የተኮለኮሉትን ሴሎች፣ ሁሉንም።

"ይሄ የኔ ጉንጭ ነው" አልኩ። "አይተላለፍም። ሥጋ ደዌ ቢሆንም እኮ በመድኃኒት ይድናል፤ ሰው ከሥራው አያስባርርም።"

ኦቦ ሞሲሳ ሥዕሉን ሲያዩ ቆዩና ተነሡ። "ታዲያ ከልጄ ጋር ምን አገናኘው?"

"ምንም።"

"እንግዲያው ታስተምራት" ብለው እያጉረመረሙ ተቀመጡ።

ኦቦ ሂርጳ ዳስተሩን አቀበሉኝ። "በቃ፣ አጥፊው።"

"አላጠፋም። ሰኞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የኔ ነው።"

ሰኞ ሰፊ ባርኔጣዬን ደፍቼ ሄድኩ። አርባ ስምንት ተማሪዎች ጉንጬን ደብተራቸው ላይ ገለበጡ። የኦቦ ሞሲሳ ልጅ መቲ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?"

"ይመጣል!" አልኳት።